ስልጠናዬ ላይ ሁሉም ሰው ይተኛል ላለችኝ እህት

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን አንዲት እህት ረዘም ያለ ደብዳቤ ልካልኛለች። ስሟንም የምትሰራበትንም ቦታ አላነሳም፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የስልጠና ኃላፊ ከሆንኩ ስምንት ወሬ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰራተኛው ስራ ጨርሶ ሊወጣ ሲል አዳራሽ ሰብስበን ሁለት ሰዓት እናሰለጥናለን፣ ስለ ጥራት፣ ስለ ሴፍቲ፣ ስለ ማሽን አያያዝ። ፓወርፖይንቱ የተሰጠኝ በእንግሊዝኛ ነው፣ እየተረጎምኩ አነብላቸዋለሁ። ሰው ይተኛል ጋሼ። ሁሌ ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋው ማሽን) ላይ የምትሰራ ልጅ አለች፣ ከላይኗ፣ ማለትም አብራ ከምትሰራበት የማሽን መስመር፣ አንደኛ ጎበዝ የሆነች፣ እሷ ገና ስጀምር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትተኛለች። ሰኞ ማሽን ላይ ሄጄ ቅዳሜ ያስተማርኩትን ስጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። አሁን ማኔጀራችን ስልጠናው ይደብራል አዝናኝ አድርጊው ብለው 40 ሺህ ብር ፈቀዱልኝ፣ ከአዲስ አበባ ዲጄና ኮሜዲያን አስመጪ፣ በስልክ የሚሰራ የጥያቄ ውድድር አለ እሱን አድርጊ፣ ላሸነፈ ሽልማት ይሰጥ፣ መጨረሻ የወጡት ስማቸው ቦርድ ላይ ይለጠፍ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው የማሳቅ ተሰጥኦ የለኝም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። እኔም አስራ አንድ አመት ፋብሪካ ውስጥ አሰልጣኝ ነበርኩ፣ ያ አዳራሽ፣ ያ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ያ ከኋላ ወንበር የሚመጣ ማንኮራፋት ቁጭ ብሎ ነው የታየኝ። በጣም ነው ያዘንኩልሽ፣ ግን ነገሩ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ደግሞ አንቺ እንዳሰብሽው ቀልድ ማወቅ ምናምን አያስፈልገውም።

ዲጄውን ተዪው። ኮሜዲያኑንም ተዪው። ቢመጡ ሰዉ ደስ ይለዋል እኮ፣ ይጨፍራል፣ ይስቃል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ግን ዲጄው ስፒከሩን ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ገና ጫጫ ከተማ ሳይደርስ ያንቺ ስልጠና ተመልሶ እዛው ይተኛል፣ ምክንያቱም ዲጄው ያዝናናው ሰዉን ነው እንጂ ትምህርቱን አይደለም፣ ትምህርቱ እንዳለ ያው ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በአንድ ሰው አፍ የሚነበብ፣ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ። በዓል ማድረግ ከፈለጋችሁ በዓል አድርጉ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ስልጠና ብላችሁ አትጥሩት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እነዚህ ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ ይተኛሉ? አይተኙም። ሄደሽ እይ እስኪ። ክብ ሰርተው ቁጭ ብለው አንዷ ሱፐርቫይዘሩ እንዴት እንደሚራመድ እያሳየች፣ ሌላዋ እየጨመረችበት፣ አንዷ ከጣርማበር አንዷ ከመንዝ አንዷ ከአንጎለላ የመጡ በአነጋገር እየተፎካከሩ፣ ሳቁ ጊቢውን ይሞላዋል። ጨዋታው እነሱጋ አለ ማለት ነው፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ አይደለም። አዳራሽ ሲገቡ ግን አፋቸውን ዘግተው እንዲያዳምጡ ነው የምናደርጋቸው፣ ስድስት ቀን ማሽን ላይ የዋለ ሰው፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ በዛ ብርድ ሰርቪስ የጠበቀ ሰው (ከባህር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያላችሁት፣ ታህሳስ ላይ አመዳዩ ሳር ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው) ዝም ብለህ ተቀመጥ ከተባለ ይተኛል፣ እኔም ብሆን እተኛለሁ። ያቺን ልጅ አትቀየሚያት።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱን ነው የምትቀይሪው። የአሰሪና ሰራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የስራ ሰዓት በቀን ከ8 በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ነው ያስቀመጠው። ስልጠናውን የፈለገው ፋብሪካው ነው፣ ሰዓቱም ከፋብሪካው ይውጣ። ከ48ቱ በላይ ሄዶ ከሆነ ደግሞ እንደ ትርፍ ሰዓት ይከፈል። ይሄን ማኔጀርሽ ፊት ማንሳት ሊያስፈራሽ ይችላል ግን እመኚኝ፣ ነፃ ቅዳሜዋን የተነጠቀችን ልጅ በምንም ጨዋታ አታስደስቻትም፣ ጨዋታ የተበላ መብት መሸፈኛ ሲሆን ሰራተኛው ቶሎ ነው የሚነቃው፣ ከነቃ በኋላ ደግሞ ምንም ብታመጪ አያምንሽም።

የቅዳሜውን ሁለት ሰዓት ሰብረሽ በሳምንት ሶስት ቀን አስራ አምስት አስራ አምስት ደቂቃ አድርጊው፣ ጠዋት ሺፍት ሲጀመር፣ እዛው ላይኑ ላይ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆማችሁ። ሰኞ አንድ ነገር ብቻ አስተምሪ፣ አንድ። ረቡዕ አዲስ ነገር አታምጪ፣ የሰኞውን ጠይቂ። አርብ ያለፈውን ሳምንት ጠይቂ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የለሽ ቃላት እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን ኖሮ ያገኘው ነገር ሰው ከሸመደደው አብዛኛው የሚጠፋው ወዲያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን መሆኑን ነው፣ ከዛ በኋላ መርሳቱ ቀስ ይላል። ያንቺ የቅዳሜ ትምህርት እሁድ አልፎበት ሰኞ ቢጠፋ ምን ይገርማል? እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሁፍ አስነብበው ግማሾቹ ደግመው እንዲያነቡ ግማሾቹ ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፣ ከሳምንት በኋላ ግን በደንብ ይዘው የተገኙት ሳያዩ ያስታወሱትን የጻፉት ናቸው። መጠየቅ ራሱ ማስተማር ነው ማለት ነው። የቆሎ ተማሪ ይሄን ድሮም ያውቀዋል እኮ፣ የትናንቱን ቀለም ሳይወጣ የዛሬውን አይቀበልም፣ ታላቁ ታናሹን ሲያስቀጽል ራሱም እየጠነከረ ይሄዳል።

እና የምትጠይቂው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚመጣው፣ እዚህ ላይ ልቆይ።

እኛ ልጆች ሆነን ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ያልተባባለ ማን አለ? ልጆችሽ ሁሉ ያውቁታል፣ ማስተማር አያስፈልግሽም። ሰኞ ስለ መርፌ ስብራት አስተማርሽ እንበል። ለረቡዕ እያንዳንዱ ቡድን ከስራው እንቆቅልሽ ፈጥሮ ይምጣ በያቸው። የነበርኩበት ቦታ አንዷ ያመጣችውን እስካሁን አልረሳሁትም።

«እንቆቅልሽ!»
«ምን አውቅልሽ!»
«አንድ ሆኜ ገባሁ ሶስት ሆኜ ወጣሁ፣ ሶስታችንም ካልተገናኘን ልብሱ ከቤት አይወጣም።»
«የተሰበረ መርፌ!»

ሌላዋ ወዲያው ተነስታ «ከስር ያለሁት ሳልቅ ከላይ ያለው ብቻውን ይሮጣል» አለች፣ ቦቢን ነው፣ ከማሽኑ ስር ያለው የክር መጠቅለያ። ቦቢኑ ሲያልቅ የላዩ ክር ሳይሰፋ ባዶውን እንደሚሄድ በስንት ስላይድ ነበር ሳብራራ የነበረው፣ እሷ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ካላወቁት አገር ስጪኝ የሚለውን አገር በመስጠት ፋንታ ማሽን ስጪኝ አድርጉት፣ የተሸነፈው ቡድን «ኦቨርሎኩን ሰጥቼሻለሁ» ይላል፣ ያሸነፈችዋ «ኦቨርሎክ ላይ ገብቼ፣ ይሄን አድርጌ፣ ይሄን አጥቤ» እያለች መልሱን እያሳየች ትተርካለች። ያው በባህላችን መጨረሻ ላይ ያለውን የስድቡን ክፍል ግን አውጡት፣ ልጆች ሆነን ያስቃል፣ አለቃና ሰራተኛ ባለበት ግን ቁስል ይሆናል።

የመርፌውን ነገር ደግሞ በእጃቸው እንዲሰሩት አድርጊ። አንድ አሮጌ መርፌ ሶስት ቁራጭ አድርገሽ ሰብረሽ አንዱን ስብራት ማሽኑ ስር፣ አንዱን ጨርቁ እጥፋት ውስጥ፣ አንዱን መሬት ላይ ደብቂ፣ ጓንት አልብሺያቸው። ከዛ ስራ ላይ መርፌ ሲሰበር የሚደረገውን ሁሉ ያድርጉ፦ ማሽን ይቆማል፣ ጨርቁ ካለበት አይነሳም፣ ሱፐርቫይዘር ይጠራል፣ በማግኔት ይፈለጋል፣ የተገኘው አንድ በአንድ ወረቀት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ሙሉ መርፌ እስኪሆን ይገጣጠማል፣ አዲስ መርፌ የሚሰጠው አሮጌው ሲመለስ ነው። ሰዓት ያዢላቸው። ሁለቱ ቁራጭ ተገኝቶ ሶስተኛው ሲጠፋ ሁሉም ጎንበስ ብለው ፀጥ ሲሉ ታያለሽ፣ ጫፏ ነች ሁሌ የምትጠፋው፣ የስንዴ ፍሬ እንኳን አታክልም። ከዛ ስትገኝ የሚወጣውን ጩኸት ስሚው። ያኔ ይቺ ጫፍ የሚሰፋው የህፃን ቱታ ውስጥ ብትቀር ብለሽ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂያቸው፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። ብዙዎቹ እናቶች ናቸው።

በስልክ የሚሰራው የጥያቄ ውድድር ማኔጀርሽ ያሉት ካሁት ሳይሆን አይቀርም፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ከኖርዌይ የወጣ ነው፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ስክሪንና ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ከሰራተኛሽ ስንቱ ቁልፍ ስልክ እንደያዘ ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ስማርትፎን የሌላት ልጅ ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ ስታይ መዋል የለባትም። እቆረጣ ክፍል ሂጂና የሚጣለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኚ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት። ጥያቄ ትጠይቂያለሽ፣ አራት መልስ ታነቢያለሽ፣ ለአንድ መልስ አንድ ቀለም፣ የመረጣችሁትን ይዛችሁ አይናችሁን ጨፍኑ ትያለሽ፣ አንድ ሁለት ሶስት፣ ሁሉም የመረጠውን ቀለም ከፍ ያደርጋል። አይን መጨፈኑ ዋና ነገር ነው፣ የተሳሳተችውን ከአንቺ በቀር ማንም አያያትም፣ አንቺ ደግሞ ባንድ እይታ ግማሹ ላይን ቢጫ ካነሳ ሰኞ ያስተማርሽው እንዳልገባ ታውቂያለሽ፣ እዛው ታስተካክያለሽ። ለሱፐርቫይዘሮች ግን ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ የኩዊዝ ፖል አለው፣ በቀን አንድ ጥያቄ ጣል አድርጊላቸው።

አሁን ወደዛ ቦርድ ልምጣ። እባክሽ፣ በጣም እለምንሻለሁ፣ መጨረሻ የወጣን ሰው ስም እንዳትለጥፊ። እኔ አድርጌዋለሁ። በነበርኩበት ፋብሪካ የደህንነት ፈተና ፈትነን ከታች ያሉትን አስር ሰዎች ስም መግቢያ በር ላይ ለጠፍን፣ ይተጋሉ ብለን። ከአስሩ አንዷ ከመንዝ የመጣች የሶስት ልጆች እናት ነበረች፣ እጇ ወርቅ ነው፣ ገና ልጅ ሆና እናቷጋ ሱፍ ስትፈትል ያደገች፣ ግን ማንበብ አትችልም ነበር፣ እኛ ደግሞ አንጠይቅም፣ በወረቀት ነው የፈተንናት። ጠዋት ሰው ተሰብስቦ እያየ አንዱ ጮክ ብሎ ስሟን አነበበላት። ነጠላዋን አጣፍታ ቀና ሳትል ገባች፣ ያን ቀን ሙሉ ሰርታ ወጣች፣ በማግስቱ አልመጣችም፣ በሳምንቱም አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ቡና አፍልታ አጠጣችኝ፣ ስራውን ግን አልተመለሰችም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ማንበብ የማይችል ሰው መኖሩን ሳታውቂ ምንም ነገር በወረቀት አትጠይቂ፣ በአፍ፣ በእጅ፣ በቀለም፣ በፎቶ ጠይቂ። ያንንም እንግሊዝኛ ስላይድ ተዪና የራሳችሁን ማሽን በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ትክክለኛውን ስፌትና የተበላሸውን ጎን ለጎን አሳትሚና ስቀዪው።

ሽልማቱንም ቀነስ አድርጊው። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ፣ መሳል የሚወዱ ህፃናትን ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ ብለው ቃል ገብተው አሳሏቸው፣ ከቀናት በኋላ በነፃ ሲለቀቁ እነዛ ልጆች ቃል ካልተገባላቸው ያነሰ ነው የሳሉት። ቃል የተገባ ሽልማት ደስታውን ወደ ሂሳብ ይለውጠዋል። ቡድኑ ሲያሸንፍ ቡናና ቆሎ ለሁሉም ይምጣ፣ ተሸናፊውም ይጠጣ፣ በቃ።

አንድ ሌላ ጨዋታ ልጨምርልሽ፣ ይሄ ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። በወር አንድ ጊዜ ችሎት አቁሙ። የድሮውን የበልሃ ልበልሃ ሙግት ታውቂዋለሽ፣ ከሳሽና ተከሳሽ «ተጠየቅ!» እየተባባሉ በቃል የሚፋለሙበትን። ከሳሹን ማሽኑን አድርጉት፣ አንድ ልጅ ማሽኑን ሆና ትከሳለች፣ በእድሜ ትልቁ ሰው ዳኛ ይሁን። እኛጋ አንዷ ተነስታ ነጠላዋን አሸርጣ እንዲህ አለች፦

«ተጠየቂ!
ዘይት ሳታጠጪኝ ስድስት ቀን የጋለብሽኝ፣
አቧራዬን ሳትጠርጊ ጨርቅ ያጎረስሽኝ፣
ደክሞኝ ስቆም ደግሞ ሰባራ ያልሽኝ፣
ምን በድዬሽ ነው? ዳኛ ይይልኝ!»

አዳራሹ ፈረሰ በሳቅ። ከዛ ተከሳሿ ተነሳች፣ እሷም ቀላል አይደለችም፣ «ዘይት ልሰጥሽ ሶስት ጊዜ መካኒክ ጠራሁ፣ ሶስቴም ቆይ አለኝ፣ ቆይ የሚለው ይከሰስልኝ እንጂ እኔ ምን አደረግሁ» አለች። ሳቁ ቀጥ አለ። ሁሉም ዞሮ መካኒኩን አየው። ሲጣራ ለሁለት ላይን አንድ መካኒክ ብቻ ነበር የተመደበው፣ እሱም ልጅ ጥፋት የለበትም፣ መድረስ አልቻለም። እኛ ለወራት ሰራተኛው ማሽን አይንከባከብም ብለን ስናሰለጥን የኖርነው ነገር የስልጠና ችግር አልነበረም። በማግስቱ ሁለተኛ መካኒክ ተመደበ። እህቴ፣ ከዛ ቀን በኋላ ነው ሰዉ ለስልጠና ፊቱ የተፈታው፣ ግጥሙ ደስ ስላለው ብቻ አይመስለኝም፣ የተናገረው ነገር ሲሰራ ስላየ ነው። ስለዚህ ችሎት ካቆምሽ የሚወጣውን ነገር ጽፈሽ ይዘሽ ማኔጀሩጋ ሂጂ፣ መልሱንም፣ አይሆንም ቢሆን እንኳን፣ በሳምንቱ ለላይኑ ንገሪ። የተናገረችውን ልጅ ደግሞ ማንም በክፉ አይን እንዳያያት አንቺ ቁሚላት። ይሄን ማድረግ የማትችይ ከሆነ ችሎቱን ባትጀምሪው ይሻላል።

ማኔጀርሽን እንዴት ታሳምኛቸዋለሽ? በቁጥር። ዛሬውኑ ከአንድ ላይን ላይ በቀን ስንት ልብስ ለድጋሚ ስፌት እንደሚመለስ፣ ስንት መርፌ እንደሚሰበርና ስንቱ ስብራት ተሟልቶ እንደሚገኝ ጻፊ፣ አራት ሳምንት አዲሱን አሰራር ሞክሪና እንደገና ጻፊ። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ስልጠና በአራት ደረጃ ይመዘናል ብሎ ነበር፣ ወደዱት ወይ፣ ተማሩት ወይ፣ ስራ ላይ አዋሉት ወይ፣ ውጤት መጣ ወይ። ዲጄው የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚመልሰው። 40 ሺውን ደግሞ አትመልሺው፣ ለፎቶ ማሳተሚያ፣ ለማግኔት፣ ለነጭ ሰሌዳ፣ ለቡናና ቆሎ አውዪው፣ ያልተከፈለ የቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ካለ ደግሞ የተረፈውን ለሱ መክፈያ መጀመሪያ እንዲያደርጉት ጠይቂ።

ሁሉንም ላይን ባንዴ አትጀምሪ፣ በአንድ ጀምሪ፣ በዛች በምትተኛዋ ልጅ ላይን። ከሰኞ በፊት ግን ብቻዋን ስትሆን ሂጂና ለምን ትተኛለሽ እንዳትያት። ማሽኗ አጠገብ ቆመሽ ኦቨርሎኩን ክር ስታስገባ እያየሽ «እህቴ፣ ይሄን እንዴት እንዲህ ቶሎ ታደርጊዋለሽ? አሳዪኝ እስኪ፣ ሰኞ ለአዲሶቹ ልጆች አንቺ ብታሳዪያቸው ደስ ይለኛል» በያት። አዳራሽ እንዳታስገቢያት፣ እዛው ወንበሯ ላይ ቁጭ እንዳለች ሌሎቹ ዙሪያዋን ይቁሙ። ምን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።